ስንት ነበር? ከሐይቅ እስጢፋኖስ እስከ ይምርሐነ ክርስቶስ፣ የስድስት ቀን የጉዞ ማስታወሻ

ጥር 15፣ ከደሴ ወደ ሐይቅ

የወጣሁበትን ጉዳይ አስቀድሜ ልናገር። አጎቴ በኩታበር ወረዳ ባለች አንዲት የገጠር ማርያም ቄሰ ገበዝ፣ ማለትም የዕቃ ቤቱ ጠባቂ ነበሩ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ወደ ደሴ ሲገፋ ንዋያተ ቅድሳቱን በሌሊት ብቻቸውን እየተሸከሙ ሸሸጉ። መጻሕፍቱን በእህል ጉድጓድ፣ ልብሰ ተክህኖውንና መጋረጃውን በዋሻ፣ መስቀሎቹን ደግሞ በአንድ የእንጨት ሳጥን አድርገው በሙስሊም ጎረቤታቸው ቤት፣ ከጎተራው ጀርባ አስቀመጡ። ያ ጊዜ አለፈ፤ ቤተ ክርስቲያኒቱም ምንም አልሆነችም። አጎቴ ግን በተከታዩ ክረምት ታመው አረፉ። ሦስቱንም ቦታ ለካህናቱ ተናግረው ነበርና ዕቃው ሁሉ ወጣ። ጎረቤታችንም ሳጥኑን እንደታሰረ በትከሻው ተሸክሞ እስከ ደጀ ሰላሙ አደረሰ። ሲከፈት ስድስት የመጾር መስቀል፣ ማለትም በዘንግ ተይዞ የሚወጣ መስቀል ተገኘ። አንዱ ሽማግሌ «ሰባት ነበር» አሉ። ሌላው «ኧረ ስድስት ነው፣ እኔ ስንቴ ይዤ ወጥቼ!» አሉ። መዝገብ ቢፈለግ የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ደግ ሰው በገበያ ሲያልፍ ዐይን ይከተለዋል።

ይህ ነገር እንቅልፍ ነሣኝ። ሰበካ ጉባኤው «አንተ የተማርህ ነህ፣ መዝገብ ሥራልን» ሲለኝ እሺ አልሁ። ነገር ግን የቤተ ክርስቲያን ዕቃ እንዴት እንደሚመዘገብ አላውቅም። ለአስተርእዮ ማርያም ማለትም ለጥር 21 ዕቃ ቤቱ ሲከፈት ሥራውን ልጀምር ቃል ገብቼ፣ ከዚያ በፊት የወሎን ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት ዕቃቸውን እንዴት እንዳኖሩ ለማየት ተነሣሁ።

አብሮኝ የወጣው ጓደኛዬ ኮምቦልቻ ያደገ ካቶሊክ ነው። አዲስ አበባ በአንድ ቁምስና፣ እኛ አጥቢያ በምንለው፣ ዕቃ ቤት ለዓመታት አገልግሏል። ወሎ ውስጥ ካቶሊኮች ጥቂት ናቸው፤ ከጥር 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ያውም በጥምቀት ዕለት፣ የባሕር ዳር–ደሴ ሀገረ ስብከት ተብሎ ተቋቁሞላቸዋል። ከሚኒባሱ የኋላ ወንበር ተቀምጠን የሁለታችንን ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ስንቆጥር ሐይቅ ደረስን። ጻሕል፣ ጽዋዕ፣ ዕርፈ መስቀል፣ ማኅፈድ፣ ጽና፣ ከበሮ፣ ጸናጽል፦ እነዚህ በሁለታችንም ዘንድ አሉ፤ የእሱ ሀገረ ስብከት ካቶሊካውያን የሚቀድሱት በግእዝ ሥርዓት ነውና። እነሱ ዘንድ ብቻ ያለው አሥራ አራቱ የፍኖተ መስቀል ሥዕሎች፣ ተንበርካኪ ያለው አግዳሚና ኑዛዜ የሚሰማበት እንደ ሳጥን የተሠራ ክፍል ነው። ሌላም አንድ ነገር አላቸው፤ እኔን የሳበኝ እሱ ነው። መዝገብ።

«ቆሞሱ፣ የቁምስናው ኃላፊ፣ ሲቀየር አሮጌውና አዲሱ መዝገቡን ይዘው ዕቃ ቤት ይገባሉ፤ አንድ በአንድ ይቆጥራሉ፤ ይፈራረማሉ» አለኝ። የሠርግና የጥምቀት መዝገብ በየቁምስናው እንዲያዝ በ1563 እ.ኤ.አ. በትሬንት ጉባኤ ታዝዟል። የዕቃ ዝርዝር መያዝ ደግሞ በ1990 እ.ኤ.አ. በወጣው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ቀኖና አስተዳዳሪው የሚጠየቅበት ግዴታ ነው። ደብተር አውጥቶ ዐምዶቹን አሰመረልኝ፦ ተራ ቁጥር፣ የዕቃው ስም፣ ከምን እንደተሠራ፣ ልኩ፣ ማን እንደሰጠው፣ መቼ፣ ያለበት ሁኔታ። «ማን እንደሰጠው» የሚለውን ሁለቴ አሰመረበት።

ጥር 16፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ

ሐይቅ ከተማ ከደሴ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ገዳሙ ድሮ ደሴት ነበር፤ ዛሬ ውኃው ሸሽቶ ምድሩ ከየብስ ጋር ተያይዟልና በእግር ይገባል። ሴት አትገባበትም። ጠዋት ስንደርስ ሐይቁ ምንም አይንቀሳቀስም፤ ወፎቹ ብቻ ይጮኻሉ።

የቤተ ክርስቲያኑን ጅማሬ ገዳሙ በ9ኛው መቶ ዘመን፣ በንጉሥ ድል ነዓድ ዘመን ያደርገዋል። ስሙን ያገነኑት ግን በ13ኛው መቶ ዘመን የመጡት አባ ኢየሱስ ሞዐ ናቸው። ዳህና ተወልደው፣ ደብረ ዳሞ ከአባ ዮሐኒ እግር ሥር ተምረው፣ የብራና ጽሕፈት ችለው እዚህ ደረሱ። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ ነበሩ። የገዳሙ አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት ይባል ነበር፤ ይህ ስም ኋላ በነገሥታቱ ቤት ከታላላቆቹ ማዕርጋት አንዱ ሆነ።

አንድ አረጋዊ መነኩሴ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀብለውን ጉዳዬን ጠየቁኝ። አጎቴን፣ ሳጥኑን፣ ስድስትና ሰባቱን ነገርኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «ልጄ፣ አባታችን ኢየሱስ ሞዐ ያደረጉትን ታውቃለህ?» አሉኝ።

የማውቀው ከመጻሕፍት ነው። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ1273 ዓ.ም. ለዚህ ገዳም አራቱን ወንጌላት አጽፈው ሰጡ፤ ዘመናቸው ከታወቀ የግእዝ ብራናዎች ከቀደምቶቹ ይቆጠራል። በመጀመሪያው ላይ የራሳቸው ሥዕል አለበት። በዚያው መጽሐፍ ላይ ደግሞ ለገዳሙ የሰጧቸው መጻሕፍት በዝርዝር ተጽፈዋል። ይህንን ሳነብ የኖርሁት እንደ ታሪክ ነበር፤ በዚያ ዛፍ ሥር ግን እንደ መልስ ሰማሁት። ሰውዬው መጻሕፍቱን ሰጥተው ብቻ አልሄዱም። ስንት እንደሆኑ፣ ምን ምን እንደሆኑ ማንም ሊያጠፋው በማይደፍረው መጽሐፍ፣ በወንጌሉ ላይ አስጻፉት። ወንጌል መዝገብም ነበር ማለት ነው።

«ወረቀት ቢጻፍ አይጥ ይበላዋል» አሉ መነኩሴው። «ሣጥን ቢቀመጥ ቁልፉ ይጠፋል። ወንጌል ላይ የተጻፈ ግን በየበዓሉ ይገለጣል።»

የዚህ ወንጌል ታሪክ በሐይቅ ብቻ አይቀርም። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን ብራናዎች በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ሲጀመር ይህ ወንጌል በተራ ቁጥር 1832 ተመዘገበ። የፊልሙ ቅጂ የተቀመጠው አሜሪካ ሚኒሶታ ባለ የቤኔዲክት መነኮሳት ገዳም ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ካታሎግ በማዘጋጀቱ ሥራ ዕድሜያቸውን ያፈሰሱት ደግሞ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ ተገረመ። የእሱ ቤተ ክርስቲያን መነኮሳት የእኛን መነኮሳት መጽሐፍ ጥላ ባሕር ማዶ ይጠብቃሉ። እኔ ግን የታሰበኝ ሌላ ነው። የእኛ ማርያም መጻሕፍት አንዳቸውም ፎቶ ተነሥተው አያውቁም።

ዕቃ ቤቱን ያሳዩን ወጣት ዲያቆን መጻሕፍት፣ መስቀሎችና የጥንት መገልገያዎች እያነሡ ሲያስቀምጡ እጃቸውን አየሁ። መስቀሉን በእጃቸው አይዙም፤ በነጠላ ጫፍ ነው። አጎቴም እንዲሁ ነበሩ። ልጅ ሆኜ «ለምን?» ብላቸው «ላብህ ነሐሱን ይበላዋል፣ እጅህ ደግሞ ባለቤት የሆንህ ያስመስልሃል» ያሉኝ ትዝ አለኝ።

ጥር 17፣ ወደ ላስታ

ረጅም የመንገድ ቀን። ውጫሌ፣ ውርጌሳ፣ መርሳ፣ ወልድያ። ውጫሌ ላይ ሻይ ጠጣን፤ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል ይነሣ ይነሣና ሰው ሁሉ ስለ አንቀጽ 17 ያወራል። እኛም አወራን። መርሳ ላይ ብርቱካን ገዛን። ከወልድያ በድልብ ሽቅብ ስንወጣ ብርዱ መጣ፤ ጋሸና ስንደርስ ጋቢ ደረብን።

በመንገድ ላይ ጓደኛዬ የመካነ ሥላሴን ነገር አነሣ። በያኔው ቤተ አምሐራ፣ በአሁኑ ደቡብ ወሎ፣ ዐፄ ናዖድ ጀምረውት ልጃቸው ዐፄ ልብነ ድንግል የፈጸሙት ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ውስጡ በወርቅ የተለበጠ። በ1524 ዓ.ም. የኢማም አሕመድ ጦር አቃጠለው። ዛሬ ስለ ወርቁ የምናውቀው ከማን ነው? ከዘመቻው ጋር ከነበረው የኢማሙ ታሪክ ጸሐፊ ከዐረብ ፈቂህ። ከመቃጠሉ ጥቂት ቀደም ብሎ ደግሞ ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የልብነ ድንግልን ዘመን አብያተ ክርስቲያናት በዐይኑ አይቶ ጽፏል። ባለቤቶቹ የጻፉት አብሮ ነደደ፤ የቀረልን እንግዳውና ጠላቱ ያዩት ነው። ይህን ስናገር ጉሮሮዬ ያዘኝ። የእኛይቱ ማርያም ወርቅ የላትም፤ ቢሆንም ስለ እርሷ የሚመሰክር እንግዳ እንኳ መጥቶ አያውቅም።

ላሊበላ ስንገባ መሽቷል።

ጥር 18፣ ላሊበላ

ገና አልፏል፤ ከተማው ጸጥ ብሏል። የገና ምእመን ያነጠፈው ሣር በየቦታው ደርቆ ይታያል።

አሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት ልተርክ አልሞክርም። አልቫሬዝ በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. እነዚህን ሕንፃዎች ሲገልጽ መሀል ላይ ቆሞ፣ ከዚህ በላይ ብጽፍ የሚያምነኝ የለም ብሎ ማለለት። እኔ የመጣሁት ለዕቃው ነው።

ቤተ መድኃኔ ዓለም ከሁሉም ትልቋ ናት፤ ርዝመቷ 33 ሜትር ያልፋል። ግዙፎቹ ምሰሶች ከውጭም ከውስጥም ከአንድ ድንጋይ ተፈልፍለዋል። ውስጥ ስገባ ግን ዐይኔን የያዘው ምሰሶው አይደለም፤ የድንጋዩ ወለል ላይ የተነጠፈው ምንጣፍ፣ በየምሰሶው የተደገፈው መቋሚያ፣ ጥግ ላይ በጨርቅ የተሸፈነው ከበሮ፣ በአትሮኖስ ላይ የተኛው መጽሐፍ ነው። ሕንፃውን ንጉሡ ሠሩት። እነዚህን ግን ሰው ሁሉ ነው ያመጣቸው፤ የስለት ጃንጥላ፣ የስለት መጋረጃ፣ የስለት ምንጣፍ። አንዲት እናት ከአንድ ምንጣፍ ጫፍ ተንበርክከው በመዳፋቸው እየዳበሱ ሲጸልዩ አየሁ። ምናልባት የሰጡት እርሳቸው ይሆናሉ። ማን እንደሰጠው የሚለው ዐምድ እዚህ ቢሞላ ስንት ሺህ ሰው ይወጣ ነበር!

መቅደስ ውስጥ ስላሉት መንበሮች ደጅ ቆመን ነው የሰማነው፤ ምእመን ወደዚያ አይገባም። ከቅዱስ ላሊበላ ዘመን የቀሩ፣ ከእንጨት ተፈልፍለው በቅርጽ ያጌጡ የታቦት መንበሮች አሉ፤ ከመካከላቸው በንጉሡ ስም የግእዝ ጽሑፍ የተቀረጸባቸው አሉ። ይህን የነገሩኝ ካህን ጽሑፉ በውበት አይደነቅም ብለው ቀጠሉ፦ «ንጉሡ ስሙን የጻፈው ለሰው አይደለም። መንበሩ ከመጋረጃ ውስጥ ነው፤ ማን ያየዋል? የጻፈው ለሰጠው ነው።» ይህን ንግግር ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ አስቤዋለሁ። መዝገብ ማለት ሌባን መያዣ ብቻ አድርጌ ነበር የያዝሁት።

ስለ ሌባ ካነሣሁ ግን አፍሮ አይገባን ሳልጠቅስ አላልፍም። ወደ 7 ኪሎ የሚመዝነው የቤተ መድኃኔ ዓለም መስቀል በ1989 ዓ.ም. ተሰረቀ። ከሀገር ወጥቶ በአንድ የቤልጅየም ሰብሳቢ እጅ ተገኘና ከዓመታት በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። እንዴት ተገኘ ብሎ ለሚጠይቅ እኔ የምመልሰው አለኝ፦ ስለሚታወቅ ነው። ቅርጹን ላሊበላ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል፤ ፎቶው አለ፤ ስሙ አለ። ስም ያለው መስቀል ዓለም ላይ የትም ቢሸጥ አፍሮ አይገባ ነው። ስም የሌለው የገጠር መስቀል ግን አንዴ ከአጥር ከወጣ የማንም ነው። የእኛዎቹ ስድስቱ መስቀሎች አንዳቸውም ስም የላቸውም። አጎቴ «ትልቁ»፣ «ጆሮው የተሰበረው»፣ «የሐምሌው» ይሏቸው ነበር። ስማቸው እሱ ነበርና አብሮ ሞተ ልል አልሁና «ጆሮው የተሰበረው» የትኛው እንደሆነ ማየት እንደምችል ታወሰኝ።

ቤተ ማርያም ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ የሚኖረውን ምሰሶ፣ በጣሪያና በቅስቶቹ ላይ ያሉትን የቆዩ ሥዕሎች አየን። ቤተ ጎልጎታ ገባንና በግድግዳው ላይ ከድንጋይ ወጥተው የቆሙትን ቅዱሳን ተሳለምን። የንጉሡ መካነ መቃብር እዚያ እንደሆነ ይታመናል። ጓደኛዬ ለረጅም ጊዜ ተንበረከከ። እኔም አልቸኮልሁም።

ጥር 19፣ ይምርሐነ ክርስቶስ

ከጉዞዬ ሁሉ ይህ ቀን ይበልጥብኛል።

ከላሊበላ በቢልባላ በኩል የተከራየናት መኪና በጠጠሩ እየተንገጫገጨች ወደ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ሄደች። አቡነ ዮሴፍ ተራራ 4,260 ሜትር ከፍታውን ይዞ ከላያችን ነው። ከመኪና ወርደን በጥድ መሀል የድንጋይ ደረጃ ወጣን። ጥዱ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ካህናቱ ስለሚጠብቁት ቀረ እንጂ በዙሪያው ያለው አገር ራቁቱን ነው።

ዋሻው ትልቅ ነው፤ ከውስጡ ቤተ ክርስቲያኑ ቆሟል። ንጉሥና ካህን የነበሩት ቅዱስ ይምርሐነ ክርስቶስ ከቅዱስ ላሊበላ ቀድመው የነገሡ ሲሆን ይህን በድንጋይ ሳይፈለፍሉ አሠሩት፤ አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ በነጭ ኖራ የተለሰነ ድንጋይ እየተደረበ፣ እንደ አክሱሞች ግንብ። ከጨለማው ዋሻ ውስጥ ነጭና ጥቁር ሰንበር ሆኖ ሲታይ ድንገት የተገለጠ መጽሐፍ ይመስላል። ከጎኑ ያለው ሌላ ሕንፃ የንጉሡ መኖሪያ እንደነበር ይነገራል።

አንድ ቄስ በባትሪ መብራት እየመሩን ገባን። ጣሪያውን አብርተው ሲያሳዩን ትንፋሼ ቆመ። እንጨቱ በካሬ በካሬ ተከፋፍሎ በእያንዳንዱ ውስጥ የተለያየ ሐረግና ቅርጽ ተፈልፍሏል። በግድግዳው ላይ የመቶዎች ዓመታት ሥዕሎች ይታያሉ። መስኮቶቹ በመስቀል ቅርጽ ተሰንጥቀዋል፤ ከዋሻው አፍ የሚገባው ብርሃን በእነሱ በኩል ተጣርቶ ወለል ላይ መስቀል ይጥላል። ቄሱ በወለሉ ላይ ያለች ትንሽ መክደኛ ገለጥ አድርገው እርጥቡን ምድር አሳዩን። ቤተ ክርስቲያኑ የቆመው በውኃ ላይ ነው፤ እንጨት፣ ጭድና ጭቃ ተደርቦ ነው ረግረጉ የተሸነፈው፤ የአባቶች ትውፊት እንዲህ ነው።

የንጉሡ መቃብር በጨርቅ ተሸፍኖ በዋሻው ውስጥ ነው። ከዚያ በስተኋላ፣ ዋሻው ወደ ጨለማ በሚገባበት፣ የሰዎች አጥንትና የደረቁ አስከሬኖች ተዘርግተዋል። እዚህ ማረፍ የፈለጉ ምእመናን ናቸው። ቁጥራቸውን 5,740 ነው ይላሉ። እኔ አልቈጠርሁም፤ ነገር ግን ሰው ያን ያህል ቁርጥ ያለ ቁጥር ይዞ ለልጅ ልጅ ሲያስተላልፍ መስማቴ ደነቀኝ። ማን እንደነበሩ ስማቸው የለም፤ ስንት እንደነበሩ ግን አለ።

አልቫሬዝ እዚህም ደርሷል። ዋሻውን፣ ቤቱን፣ መቃብሩን ጽፏል። ስለ ንጉሡም የሰማውን ጽፎ፣ ከሕዝቡ ግብር እንዳልወሰደና ቢያመጡለትም ለድሆች እንዳካፈለ አስፍሯል። ጓደኛዬ በዚህ ቦታ ላይ የሆነውን ልጻፍ። ቄሱን «አባቴ፣ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የእኛ ቤተ ክርስቲያን ቄስ እዚህ ቆሞ ነበር» አላቸው። ቄሱ ፊቱን አዩት፣ ለአፍታ ዝም አሉ፣ ከዚያ «ያኔ ገብቶ የተሳለመ ከሆነ፣ እንግዲህ እናንተም የመጣችሁት ወደ ደጃችሁ ነው» አሉት። ጓደኛዬ አልመለሰም። ነጠላውን ወደ ፊቱ ሳበ።

ስንወርድ የድንጋይ ደወል ሲመታ ሰማን። ሁለት ጠፍጣፋ ድንጋይ በገመድ ተንጠልጥለው በሌላ ድንጋይ ሲመቱ ያሰሙታል፤ ከብረት ደወል የለሰለሰ፣ ሸለቆውን የሚሞላ። ደብተሬን አውጥቼ ጻፍሁ፦ «ደወል፣ የድንጋይ፣ 2።» የእኛም ማርያም ድንጋይ ደወል አላት፤ ዕቃ ሆኖ ሊቈጠር ይገባዋል ብሎ ያሰበው የለም። እዛፍ ላይ ስለሚኖር ዕቃ ቤት አይገባም።

ጥር 20፣ በበሽሎ ወደ ቤት

በወልድያ አልተመለስንም። ከጋሸና በደላንታ በኩል ወረድን። ወገል ጤና ላይ ኦፓል በብልቃጥ ውኃ ውስጥ ይዘው የሚሸጡ ልጆች ከበቡን። ከዚያ በሽሎ፤ ቁልቁል፣ ቁልቁል፣ ሙቀቱ እንደ ምድጃ፤ ከዚያ ዳግም ሽቅብ። ኩታበር ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው።

ማርያም ስንደርስ ለዋዜማው ካህናቱ ተሰብስበዋል። ዕቃ ቤቱ ተከፈተ። የዕጣን፣ የሰምና የአሮጌ ብራና ሽታ አንድ ላይ መጣብኝ፤ የአጎቴ ሽታ ነው፤ ለአፍታ ደጃፉን ይዤ ቆምሁ። መሪጌታው «ከምን ትጀምራለህ?» አሉኝ። «ከመጻሕፍቱ ባዶ ቅጠል» አልሁ። ሐይቅ ላይ የሰማሁትን አልረሳሁም።

ተአምረ ማርያሙ ብራና ነው፤ ክዳኑ የእንጨት፣ ቆዳው ተልጦ የነበረውን አጎቴ ሰፍተውታል። መጨረሻው ቅጠል ላይ መሪጌታው ፋኖሱን አስጠግተው አነበቡ። መጀመሪያ የተለመደው ነው፦ «ዘሠረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ለይኩን»፤ የሰረቀውና የፋቀው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። ከዚያ በታች በሌላ እጅ፣ በደበዘዘ ቀለም፣ በግእዝ ቁጥር ጥቂት መስመሮች አሉ። መሪጌታው ቀስ እያሉ አነበቡ፦ መስቀል አራት፣ ጽና ሁለት፣ ከበሮ ሦስት፣ ጃንጥላ አንድ። ዘመን የለውም፤ የማን እጅ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ሁላችንም ዝም አልን። ከእኛ በፊት አንድ ሰው በዚህ ክፍል ቆሞ ቆጥሯል።

አራት ነው የሚለው፤ ስድስትም ሰባትም አይደለም። ከዚያ ወዲህ የተሰጡ አሉና ክርክሩን አይዘጋውም። ነገር ግን «ሰባት ነበር» ያሉት ሽማግሌ ቅጠሉን ለረጅም ጊዜ አዩና «እኔ እኮ ቈጥሬ አላውቅም» አሉ። «ሲያበሩ ብዙ ይመስሉኝ ነበር።» ይህን በሰው ፊት መናገር ቀላል አይደለም። አከበርኋቸው።

ከዚያ ያልጠበቅሁት ሆነ። እኚሁ ሽማግሌ ልጅ ልከው ጎረቤታችንን አስጠሩት። የመጣው በጨለማ ነው፤ ኩታውን ለብሶ፣ ከደጀ ሰላሙ ውጭ ቆመ። «ና፣ ግባ» አሉት። «እዚሁ ይበቃኛል አባብዬ» አለ። ስለዚህ ምንጣፉንና ሳጥኑን ይዘን እኛ ወደ ደጀ ሰላሙ ወጣን። ሽማግሌው በነጠላቸው ጫፍ እየያዙ መስቀሎቹን አንድ በአንድ ከሳጥኑ አውጥተው በፊቱ ደረደሩ። ጎረቤታችን አልነካቸውም፤ በዐይኑ ተከተላቸው። «ትልቁ። ጆሮው የተሰበረው። የሐምሌው» እያልሁ ጻፍሁ። የቀሩትን ሦስቱን ስም የሚያውቅ ስለጠፋ ልኩንና የተሠሩበትን ነሐስ፣ የተጣመመውን ዘንግ፣ የተቀረጸባቸውን ሐረግ ጻፍሁ።

«ማን እንደሰጠው» የሚለው ዐምድ ባዶ ቀረ። «ማን እንዳኖረው» የሚል ዐምድ ጓደኛዬ አላሰመረልኝም ነበር፤ ከዳር ላይ ጠባብ መስመር ጨመርሁ። የአጎቴን ስም ጻፍሁ። ከሥሩ የጎረቤታችንን።

ከታች ለምስክር ሦስት ቦታ አለ። መሪጌታው ፈረሙ። ሽማግሌው የቀኝ አውራ ጣታቸውን በቀለም ነክረው አተሙ። ሦስተኛውን ቦታ በጣታቸው እያመለከቱ ብዕሩን ለጎረቤታችን ዘረጉለት። ብዕሩን ተቀብሎ ፋኖሱን ወደ ራሱ አስጠጋ፤ በዐረብኛ ፊደል ስሙን ጻፈ።